ሸራውን ቀድሞ ማጠፍ፦ ከድሬዳዋ ወርዶ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለሚጓዝ የትንሽ ሸራ ጀልባ ምርጫና አያያዝ

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ሆኖም የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ ወዲህ፣ ጅቡቲ ዘመድ፣ ንግድ ወይም የሥራ ጉዳይ የሌለው ቤተሰብ በከተማችን ማግኘት ያስቸግራል። ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፈውን መንገድ ቁልቁል ወርደን የምናገኘው ባሕር ግን ለአብዛኞቻችን ከወደቡ አጥር ማዶ የሚታይ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት ወደ ጅቡቲ እየወረዱ፣ ብቻቸውን ወይም ከጓደኛ ጋር ተዳብለው ከ6 እስከ 7 ሜትር የሚረዝም የሸራ ጀልባ ገዝተው፣ ዳርቻውን ተከትለው ለመጓዝ ለሚያስቡ የድሬ ሰዎች ነው። እኔም ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እንዲህ ያለ ጀልባ በጋራ ይዤ ቆይቻለሁ።

ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል፦ ነፋሱ እየበረታ ሲመጣ ይህን ሸራ አንድ ሰው ብቻውን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊያሳንሰው ይችላል ወይ? ጀልባ ሲመረጥም፣ ገመድ ሲዘረጋም፣ የጉዞ ቀን ሲቆረጥም የዚህ ጥያቄ መልስ «አዎ» መሆን አለበት።

ወደ ባሕሩ ከመውረድ በፊት፣ በቤት ውስጥ

ጀልባን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ምን እንደሆነ ለማወቅ አንድ ባዶ ሃይላንድ ጠርሙስና አንድ ሳፋ ውኃ ይበቃል። ክዳኑን አጥብቀው ጠርሙሱን በውኃው ላይ ያጋድሙትና በጣት ይንኩት፤ ወዲያና ወዲህ ይንከባለላል፣ ላይና ታች የለውም። ቀጥሎ አራት ትልልቅ ሚስማሮችን በአንድ ጎኑ ላይ በፕላስተር ያጣብቁና ያንን ጎን ወደ ታች አድርገው መልሰው ውኃው ላይ ያስቀምጡት። አሁን ገፋ ቢያደርጉት ያዘነብልና ይመለሳል። በመጨረሻ ሚስማሮቹን ከጠርሙሱ ሆድ አንሥተው፣ ከሥሩ አራት ጣት ያህል በሚወርድ ስስ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ጫፍ ላይ ያድርጓቸው። ክብደቱ ያው ነው፣ የመመለሱ ኃይል ግን በግልጽ ይጨምራል። በጀልባ ሥር የሚወርደውና ኪል የሚባለው ክንፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ክብደትን በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጎ ይይዛል፣ ጀልባውም በነፋስ ተገፍቶ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት በውኃው ውስጥ እንደ ግድግዳ ይቆማል። ልጆቼ ይህን ሙከራ ሲያዩ የጠየቁኝ ጥያቄ ጀልባ ሊሸጡልኝ ከመጡ ሰዎች ማብራሪያ ይልቅ አስተምሮኛል፤ «ሚስማሩ ቢወድቅስ?» ነበር ያሉት። ኪሉ ከጀልባው ጋር የታሠረባቸውን ብሎኖች መመርመር የጀልባ ግዢ የመጀመሪያ ተግባር የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ቋጠሮም በቤት ውስጥ የሚለመድ ነው። ከቀፊራ ወይም ከታይዋን ገበያ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ሦስት ሜትር ገመድ ይግዙና በመስኮት ፍርግርግ ላይ ይለማመዱ። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው የማይጠብቅ ቀለበት የሚሠራው ቋጠሮ ነው። ገመዱን በግራ እጅ ይዘው ትንሽ ቀለበት ይሥሩ፤ ጫፉን ከሥር ወደ ላይ በቀለበቱ ያውጡት፤ በዋናው ገመድ በስተኋላ አዙረው በዚያው ቀለበት ወደ ታች ይመልሱት፤ ከዚያ ሁለቱንም ወገን ስበው ያጥብቁ። ይህ ቋጠሮ የጀልባ ሙሉ ክብደት ቢያርፍበት አይንሸራተትም፣ ሥራው ሲያልቅም በጣት ይፈታል። ለገመድ ጫፍ ማቆሚያ የሚሆነውን የ8 ቁጥር ቋጠሮና በምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥሞ ማሠርን ይጨምሩበት። መብራት በጠፋ ምሽት ሦስቱንም በጨለማ መሥራት ከቻሉ ለጀልባ ደርሰዋል ማለት ነው።

ነፋስን ማንበብም እዚሁ ይጀመራል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሚነሣበት ጊዜ በደቻቱ ድልድይ ላይ ቆመው ዓይንዎን ይጨፍኑና፣ ሁለቱም ጆሮዎችዎ እኩል ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ ፊትዎን ቀስ ብለው ያዙሩ። ዓይን ሲገልጡ የሚያዩት አቅጣጫ ነፋሱ የሚመጣበት ነው። ይህን በቀን አንድ ጊዜ ለአንድ ወር ያደረገ ሰው፣ ጀልባ ላይ ሲቀመጥ ባንዲራ ሳያይ ነፋሱን በጉንጩ ያውቀዋል።

ጀልባውን መምረጥ

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ለሚደረግ የቀን ጉዞና ለአንድ ሁለት ሌሊት አዳር ከ6.5 ሜትር አካባቢ መብለጥ አያስፈልግም። ከዚህ ያነሰ ጀልባ በሞገድ ውስጥ ያንገላታል፤ ከዚህ የበለጠ ደግሞ የመልህቁም፣ የሸራውም፣ የጥገናውም ወጪ በፍጥነት ያድጋል። ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አይደረግ። ውኃን እየከፈለ የሚሄድ ከባድ ጀልባ ሊደርስበት የሚችለው ፍጥነት ውኃው ላይ በሚያርፈው ርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ ያ ርዝመት 6 ሜትር ከሆነ ጣሪያው 6 ኖት ገደማ ማለትም በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር ነው። (አንድ ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ሲሆን የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው።) የበለጠ ሸራ መስቀል ከዚህ ጣሪያ በላይ አያስኬድም፤ ጀልባውን ያጋድለዋል እንጂ። ለጉዞ እቅድ የሚያገለግለው ቁጥር 4 ኖት ነው፤ እኔ ከዚህ በላይ አላሰላም።

ከጠቅላላው ክብደት ከሲሶ በላይ፣ ቢቻል ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው በኪሉ ላይ መሆን አለበት። ስለ ኪል ቅርጽ ግን በእኛ ሁኔታ ጥብቅ አስተያየት አለኝ፦ መንታ ኪል (ጎን ለጎን የወረዱ ሁለት ኪሎች) ያለውን ይምረጡ። አንድ ጥልቅ ኪል ያለው ጀልባ ወደ ነፋስ በተሻለ ይወጣል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በጅቡቲ ዳርቻ በሙሉ ጨረቃና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን የውኃው ከፍታ በመሙላትና በመጉደል መካከል ከ2 ሜትር በላይ ይለያያል፣ ዳርቻውም በብዙ ስፍራ ጥልቀት የለውም። ውኃው ሲሸሽ በአሸዋ ላይ በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ጀልባ የታችኛውን አካል ያለ ክሬን ለማጽዳትና ለመቀባት ያስችላል፤ በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ሸራዎቹ ሁለት ይሁኑ፦ ከምሰሶው በስተኋላ ያለው ዋናው ሸራና የፊት ሸራ፤ በአንድነት ከ20 እስከ 24 ካሬ ሜትር። በዋናው ሸራ ላይ ሁለት ረድፍ የማጠፊያ ቀለበቶች መኖራቸውን ዘርግተው ይዩ። የመጀመሪያው እጥፋት ሸራውን በሩብ ያህል፣ ሁለተኛው ወደ ግማሽ ገደማ ሊቀንሰው ይገባል። አንድ ረድፍ ብቻ ካለው ሁለተኛውን ሳያሰፉ ጉዞ አይጀምሩ። ቀጥሎ ሸራው የሚሰቀልበትን ገመድ ይከተሉና የሚታሠርበትን ቦታ ያግኙ። ምሰሶው ሥር የሚታሠር ከሆነ፣ ሸራ ለማጠፍ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ወደ ፊት መውጣት ግዴታ ይሆናል። ሁለት መዘውር ጨምሮ ገመዱን ወደ መሪው መቀመጫ ማምጣት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

የሸራውን ጫፍ የምንይዝበትንና የምናላላበትን ገመድ በዚህ ጽሑፍ «ልጓም» እለዋለሁ፤ ሥራው የበቅሎ ልጓም ሥራ ነውና። የዋናው ሸራ ልጓም በአንድ እጅ ወደ ላይ ሲነጠቅ በሚለቅ ጥርስ መያዣ ውስጥ መግባት አለበት። ተቋጥሮ የሚታሠር ልጓም በእንዲህ ያለ ትንሽ ጀልባ ላይ አደጋ ነው።

የቀረውን በፍጥነት ይመልከቱ። የመቀመጫው ወለል ከውኃው መስመር በላይ ሆኖ፣ የገባ ውኃ በራሱ የሚፈስስባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ይኑሩት። አካሉ ፋይበርግላስ ከሆነ በመዶሻ እጀታ እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ፤ የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ቦታ ውኃ ጠጥቷል። ኮምፔንሳቶ ከሆነ ደግሞ ጠርዞቹንና ብሎን የገባባቸውን ቀዳዳዎች በስለታም ነገር ጫፍ ይውጉ፣ ብስባሽ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የመሪው ማንጠልጠያ ፒን ተራ ብረት ሆኖ ካገኙት ልኩን ወስደው ወደ ድሬ ይመለሱ። እዚህ የባቡሩ ወርክሾፕ ለብዙ ዓመታት ያፈራቸው የቶርኖ ባለሙያዎች አሉ፤ ሁለት ፒን በአንድ ቀን ያወጡልዎታል። ብረቱ ግን ቁጥሩ 316 የሆነ የማይዝግ ብረት ይሁን፤ 304 የሚባለው ለወጥ ቤት ጥሩ ነው፣ በጨው ውኃ ግን ይዝጋል።

በመጨረሻ ከመግዛትዎ በፊት በመጠነኛ ነፋስ ያውጡትና፣ ሁለቱም ሸራዎች ተስበው ወደ ነፋሱ ተጠግቶ ሲሄድ የመሪውን ዘንግ ለአፍታ ይልቀቁት። ጥሩ ጀልባ ቀስ ብሎ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይቆማል። ከነፋሱ ሸሽቶ የሚዞር ጀልባ፣ መሪውን የያዘው ሰው ቢወድቅ ጥሎት ይሄዳል፤ ምሰሶውን ትንሽ ወደ ኋላ በማዘንበል ሊታረም ይችላል፣ ካልታረመ ግን አይግዙት።

መንዳት

ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ ሊሄድ አይችልም፤ ከነፋሱ በሁለቱም ወገን 45 ዲግሪ ያህል ዝግ ነው። ከዚያ ውጪ ባለው ሁሉ ይሄዳል፣ የሸራውም አያያዝ አንድ ሕግ አለው፦ ልጓሙን የሸራው የፊት ጠርዝ መርገብገብ እስኪጀምር ድረስ ያላሉ፣ ከዚያ መርገብገቡ እስኪቆም ድረስ ብቻ ይሳቡ። ወደ ነፋሱ ሲጠጉ ይህ ሕግ ሸራውን ወደ መካከል ያመጣዋል፤ ነፋሱ ከጎን ሲሆን ግማሽ ይወጣል፤ ከኋላ ሲሆን ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። አብዝቶ መሳብ የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው። ጀልባው ይጋደላል፣ ፈጣን ይመስላል፣ ነገር ግን ወደ ጎን እየተንሸራተተ ነው።

የመሪው ዘንግ በተቃራኒ ይሠራል፤ ዘንጉን ወደ ቀኝ ሲገፉ አፍንጫው ወደ ግራ ይዞራል። ወደ ነፋስ ለመውጣት በየጊዜው አፍንጫውን በነፋሱ አሻግሮ ወደ ሌላው ወገን መዞር ያስፈልጋል። መጀመሪያ ጀልባው በቂ ፍጥነት እንዲኖረው ያድርጉ። «ተዘጋጅ!» ይበሉ፤ የፊት ሸራውን ልጓም የያዘው ሰው ይመልስልዎ። ከዚያ «ዞርኩ!» ብለው ዘንጉን ወደ ሸራው ወገን በእርጋታ ይግፉ። የፊት ሸራው በግራና በቀኝ ሁለት ልጓም አለው፤ ሸራው መርገብገብ ሲጀምር የተሳበው ልጓም ይለቀቃል፣ አፍንጫው ነፋሱን ሲያልፍ ሌላኛው ይሳባል። እኛ ድሬዎች ታላቃችንንም «አንተ» ብለን ስለምንጠራ ትእዛዙን ማሳጠር አያስቸግረንም፤ ከሌላ ከተማ የመጣ ታላቅ ሰው አብሮ ካለ ግን፣ በጀልባ ላይ ቃሉ አጭር የሚሆነው ከንቀት ሳይሆን ከጊዜ ማጠር መሆኑን ከመነሣት በፊት በአክብሮት ያስረዱ።

ነፋሱ ከኋላ ሆኖ መዞር ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዋናው ሸራ የታሠረበት አግዳሚ ምሰሶ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው በሙሉ ኃይሉ ይወረወራል፣ በመንገዱ ላይ ያለውን ጭንቅላትም ይመታል። ስለዚህ አስቀድመው ልጓሙን ስበው አግዳሚውን ወደ መካከል ያምጡት፣ ሁሉም ዝቅ ማለቱን ይዩ፣ ከዚያ ዘንጉን በጥቂቱ ያዙሩ፤ ሸራው ሲሻገር ልጓሙን በእጅዎ ውስጥ ቀስ እያሉ ያላሉት። ነፋሱ ከ15 ኖት በላይ ከሆነ ይህን አያድርጉ፤ አፍንጫውን በነፋሱ አሻግረው በመዞር ሰፊ ክብ ይሥሩ።

ሸራ ማጠፍ

የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጠዋት በ8 ኖት ነፋስ ያስደሰተዎት ሸራ፣ ከሰዓት በኋላ በ16 ኖት በአራት እጥፍ ኃይል ይጎትታል። ይህን በወረቀት ላይ ማወቅና በጀልባ ላይ መቀበል የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አንድ የጥር ወር ከታጁራ ከተማ ወደ ጅቡቲ ስንመለስ ከአክስቴ ልጅ ጋር ነበርን። ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ የማዕበሎቹ ጫፍ እዚህም እዚያም መንጣት ጀመረ። «አሁን እናጥፈው?» አለኝ። «ትንሽ ቆይ፣ ጥሩ እየሄድን ነው» አልኩት። በሩብ ሰዓት ውስጥ ባሕሩ በሙሉ ነጣ። ጀልባው የጎን ጠርዙ ውኃ ውስጥ እስኪገባ ተጋደለ፤ መሪው ከውኃው በከፊል ስለወጣ መታዘዝ አቆመ፤ አፍንጫው በራሱ ወደ ነፋሱ ተወረወረ፤ አግዳሚው ምሰሶ ከአክስቴ ልጅ ራስ አንድ ስንዝር በላይ አልፎ የውኃ ጀሪካናችንን ከነማሰሪያው ነጥቆ ባሕር ውስጥ ጣለው። ልጓሙ በዚያን ጊዜ በቋጠሮ ይታሠር ነበር፤ ርሶ ጠብቆ በቢላዋ ቆረጥሁት። የመስቀያው ገመድም ምሰሶው ሥር ስለነበር፣ በደረቴ ተኝቼ ወደ ፊት ተጎትቼ ሸራውን ለማውረድ ሃያ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስለ መያዣውና ስለ ገመዱ ከላይ የጻፍኩት ከዚያ ቀን የመጣ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይህ ነው፦ ከሁለት አንዱ ሰው «እናጥፈው?» ብሎ ከጠየቀ ክርክር የለም፣ ይታጠፋል።

አፈጻጸሙ እንዲህ ነው። አንደኛ፣ ጀልባውን ያረጋጉ፤ ለዚህም ከሁሉ የተሻለው የፊት ሸራውን ልጓም ሳይለቁ በነፋሱ በኩል መዞር ነው። የፊት ሸራው በተሳሳተ ወገን ተነፍቶ ይቀራል፤ ዋናውን ሸራ ያላሉ፣ የመሪውን ዘንግ ከነፋሱ ራቅ ወዳለው ጎን ገፍተው ይሠሩት። ሁለቱ ኃይሎች እርስ በርስ ይያያዙና ጀልባው ቆሞ እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ ብቻ ይነዳል። በዚህ ሁኔታ ምሳ መብላትም ይቻላል። ሁለተኛ፣ አግዳሚው እንዳይወድቅ በማንጠልጠያ ገመዱ ይያዝ። ሦስተኛ፣ መስቀያውን ገመድ አስቀድመው በቀለም ምልክት እስካደረጉበት ድረስ ያላሉ። አራተኛ፣ የማጠፊያውን የፊት ቀለበት በአግዳሚው መነሻ ላይ ባለው መንጠቆ ያስገቡ። አምስተኛ፣ መስቀያውን መልሰው እንደ ክራር ክር እስኪወጠር ይሳቡ፤ ይህ ደረጃ ከሚቀጥለው መቅደም አለበት፣ አለበለዚያ ሸራው ይተለተላል። ስድስተኛ፣ የኋላውን የማጠፊያ ገመድ ቀለበቱ አግዳሚውን እስኪነካ ስበው ይሠሩ። ሰባተኛ፣ ማንጠልጠያውን ያላሉ፣ ልጓሙን ይሳቡ፣ ዘንጉን ይፍቱ፣ ጉዞ ይቀጥሉ። በመካከል ያሉት ትንንሽ ማሰሪያዎች የተረፈውን ሸራ ለመሰብሰብ ብቻ ናቸው፤ በልል ይታሠሩ። እጥፋቱን ሲፈቱ ግን በመጀመሪያ የሚፈቱት እነርሱ ናቸው። አንዷ ተረስታ መስቀያው ከተሳበ ሸራው በዚያች ነጥብ ላይ ይቀደዳል።

ይህን ወደብ ውስጥ፣ ነፋስ በሌለበት፣ አሥር ጊዜ ይለማመዱት። ጊዜውም ይህ ነው፦ ነጫጭ ጫፎች ጥቂት ሆነው ሲታዩ አንደኛው እጥፋት፣ ባሕሩ በብዛት ሲነጣ ሁለተኛው። ጀልባው ከ20 ዲግሪ በላይ ከተጋደለ ወይም መሪውን ለመያዝ ሁለት እጅ ካስፈለገ ነጩን መቁጠር ሳያስፈልግ ሰዓቱ አልፏል።

መቼና ወዴት

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ይመጣል፤ ጠዋት ለስለስ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። በክረምታችን ወራት ግን፣ በተለይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ኀምሲን የሚባለው ሞቃትና አቧራማ ነፋስ ከምዕራብ ይነሣል፤ ሙቀቱም ብቻውን ጉዞን ይከለክላል። በዚያ ወቅት ጀልባውን ይሸፍኑትና ድሬ ይቆዩ።

ካርታ ላይ ታጁራ ከተማ ትማርካለች። ከጅቡቲ በሰሜን ምዕራብ 20 የባሕር ማይል ያህል ስለምትርቅ በምሥራቅ ነፋስ በአራት ወይም በአምስት ሰዓት በደስታ ይደረሳል። ችግሩ መመለሱ ነው፤ ያው ነፋስ አሁን ከፊት ነው፣ ማዕበሉም ባሕረ ሰላጤውን በሙሉ አቋርጦ የመጣ ነው። በመጠማዘዝ ርቀቱ ወደ 25 ማይል ሲያድግና ፍጥነቱ ወደ 3 ኖት ሲወርድ ጉዞው ከስምንት ሰዓት ያልፋል፤ ማለትም ረፋዱን አሳልፎ የተነሣ ሰው በጨለማ ወደ ወደቡ ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያ ጉዞዎችዎ ከከተማው በስተሰሜን 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ወደ ሙሻ ደሴት ይሁኑ። ነፋሱ ሲሄዱም ሲመለሱም ከጎን ስለሚሆን ሁለቱም መንገድ እኩል ነው። በባሕረ ሰላጤው ምዕራብ ጫፍ ወዳለው ወደ ጉቤት የሚያስገባው ጠባብ መተላለፊያ ደግሞ ውኃው ሲሞላና ሲጎድል ከጀልባዎ ፍጥነት የሚበልጥ ጅረት ሊፈጠርበት ስለሚችል፣ ብዙ ልምድ ካላካበቱ በቀር አይሞክሩት።

የጅቡቲ ወደብ መርከብ የበዛበት ነው። በ15 ኖት የሚመጣ መርከብ አንድ የባሕር ማይልን በ4 ደቂቃ ይጨርሳል፣ መዞርም ማቆምም በቶሎ አይችልም። ሸራ ያለው ጀልባ ቅድሚያ አለው የሚለውን አባባል በመርከብ መተላለፊያ ውስጥ ይርሱት፤ መተላለፊያውን በአጭሩ፣ ቀጥ ብለው ይሻገሩ። ሁለት የሸራ ጀልባዎች ሲገናኙ ነፋሱ በግራ ጎኑ የሚመጣበት ለሌላው ይለቃል፤ ነፋሱ ለሁለቱም በአንድ ጎን ከሆነ ነፋሱ ወደሚመጣበት የቀረበው ይለቃል። ከመነሣትዎ በፊት ለወደቡ ባለሥልጣናት መውጫዎንና መመለሻዎን ያስመዝግቡ፣ የባሕር ሬዲዮውን በቻናል 16 ላይ ክፍት ያድርጉ፣ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ውኃ ይያዙ፣ ውኃውንም በሁለት ዕቃ ይክፈሉት። ለፀሐይ ከሁሉ የሚሻለው የእኛው ሽርጥ ነው፤ ርሶ ራስ ላይ ሲጣል ለአንድ ሰዓት ያቀዘቅዛል።

መልህቅ

በሙሻ ዙሪያ ኮራል አለ፤ ኮራል ጀልባ ይቀድዳል፣ መልህቅም ኮራልን ይገድላል። ስለዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይ ከፍ ብላ ከጀርባዎ ስትሆን ይቅረቡ። አንድ ሰው አፍንጫው ላይ ይቁም። ጥቁር ሰማያዊ ጥልቅ ነው፤ አረንጓዴ ጥልቀቱ የቀነሰ ነው፤ ነጣ ያለው አሸዋ ነው፤ ቡናማው ኮራል ነው፣ ከእርሱ ይሽሹ።

መልህቁ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ገመዱ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሲጎትተው አሸዋ ውስጥ ስለሚቀበር ነው። ለዚህ ከመልህቁ ቀጥሎ አምስት ሜትር ሰንሰለት፣ ከዚያ ናይሎን ገመድ ያስፈልጋል። የሚለቀቀው ርዝመት በጥልቀቱ አምስት እጥፍ፣ ነፋስ ከበረታ ሰባት እጥፍ ነው። ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ፦ ውኃው ጎድሎ 4 ሜትር ነው፣ ሲሞላ 2 ይጨምራል፣ ገመዱ የሚወጣበት አፍንጫ ከውኃው 1 ሜትር ከፍ ይላል፤ ድምሩ 7፣ በአምስት ሲባዛ 35 ሜትር። ብዙዎች 4ን ብቻ ቆጥረው 20 ሜትር ይለቁና ውኃው ሲሞላ ሌሊት ጀልባቸው ይነዳል። መልህቁን አይወርውሩት፤ ሸራውን አውርደው፣ ጀልባው ቆሞ ወደ ኋላ መሄድ ሲጀምር በእጅ ያውርዱት፣ ገመዱን ቀስ በቀስ ይልቀቁ፣ ሲያልቅ ይሠሩ። ከዚያ በዳርቻው ላይ አንድ ዛፍና አንድ ድንጋይ በአንድ መስመር መርጠው ለሩብ ሰዓት ይመልከቱ። መስመሩ ካልተዛነፈ ይዟል።

ሰው ቢወድቅ

መከላከያው በወገብ የሚታሠር አጭር ገመድና ዘወትር የሚለበስ የመንሳፈፊያ ጃኬት ነው። ሰው ቢወድቅ ግን ተንሳፋፊውን ቀለበት ወዲያው ይጣሉለት፤ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይሠራ በጣቱ እያመለከተ ዓይኑን ከእርሱ አይንቀል፤ በማዕበል መካከል አንድ ራስ በጥቂት ሴኮንዶች ይጠፋል። ለሸራ ማጠፊያ እንዳደረጉት የፊት ሸራውን ሳይለቁ ይዙሩ፤ ጀልባው ከወደቀው ሰው ብዙ ሳይርቅ ይቆማል። በገመድ ሊደርሱበት ካልቻሉ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን ከእርሱ አለፍ ብለው ይዙሩና፣ ሸራዎቹ እየተርገበገቡ በነፋሱ አንጻር ይቅረቡት። የረጠበ ሰው በእጅ አይነሣም፤ ለእግሩ መርገጫ የሚሆን ቀለበት ያለው ገመድ በጎን በኩል ዘወትር ተንጠልጥሎ ይቀመጥ። ቀለበቱ የሚሠራው በመስኮትዎ ፍርግርግ ላይ በተለማመዱት ቋጠሮ ነው።

ሲመለሱ

ወደ ድሬ ከመነሣት በፊት አንድ ሙሉ ቀን ለጀልባው ይተዉ። ሸራዎቹን ጨው በሌለበት ውኃ አጥበው በጥላ ያድርቁ፤ በጨው የደረቀ ስፌት ይሰነጠቃል፣ በፀሐይ የተተወ ሸራም በጥቂት ዓመታት ይበሰብሳል። ከምሰሶው ላይ አውርደው በከረጢት ይዘዋቸው ቢመጡ የተሻለ ነው፤ የተፈታ ስፌት ካለ እዚህ ወፍራም ሸራ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ያጠናክሩታል። የኪሉን ብሎኖች በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ዙሪያቸው የዝገት መስመር መኖሩን ይዩ፣ ፎቶ ያንሡ፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያወዳድሩት ከዚሁ ፎቶ ጋር ነው። የመሪውን ፒን አውጥተው በቅባት ያሹና ከሸራው ጋር ይዘውት ይምጡ፤ ያለ መሪ ጀልባ ማንም አይወስድምና። ጀልባውን ከአፍንጫው በሁለት ገመድ ይሠሩት፤ ገመዶቹ ጠርዝ በሚነኩበት ቦታ ላይ የተሰነጠቀ የውኃ ጎማ ያልብሷቸው፤ ከመኪናው ወይም ከባቡሩ በፊትም አንድ ጊዜ ተመልሰው ቋጠሮዎቹን በእጅዎ ይዳስሱ።